ለሣር የተተከለ ድንኳን

ማክሰኞ፣ መጋቢት 1

ዘጠነኛው ተቃጠለ። ጠዋት ስደርስ የአንድ ክፍል ቤት ወለል የሚያህል ቦታ መሀሉ ላይ ገርጥቶ አገኘሁት፤ ስረግጠው ተንኮሻኮሸ። ፓምፑ ትናንት እስኪጠገን ሳምንቱን ሙሉ ተበላሽቶ ከርሞ፣ ፀሐዩም እንዲህ አናት እየበሳ፣ ሌላ ምን ጠብቄ እንደነበር አላውቅም። ሌሎቹ ግሪኖች ተርፈዋል። ዘጠነኛው ግን ተዳፋት ላይ ነው፣ ጥላ የለውም፣ አጥሩ ጥግ ነው፣ ሁሌም በሽተኛ ነው።

(የጎልፍ ሰው ግሪን ይለዋል። እናቴ ነፍሷን ይማርና «ያ ኳሷ የምትገባበት ፀጉሩን የተቆረጠ ሣር» ነበር የምትለው። የእሷ ይሻላል።)

ዮናስ፣ የጎልፍ ሜዳችን ሥራ አስኪያጅ፣ ቆሞ አየና ከንፈሩን መጠጠ። «እትዬ አስቴር፣ የሚቀጥለው ረቡዕ ኮሚቴው ይመጣል። እንዲህ ካገኙት የፕላስቲኩን ሣር ይወስናሉ፤ እኔም ምን ብዬ እንደምከራከር አላውቅም» አለኝ። ልጁ ክፋት የለበትም። ፕላስቲክ ውሃ አይጠጣም፣ አይታጨድም፣ በጋ ከክረምት አይለይም። ከአጥሩ ማዶ ሰው ጀሪካን ደርድሮ ተራ ሲጠብቅ እኔ ጎማ ይዤ ሣር ሳጠጣ እኔንም ያሳፍረኛል። የጉድጓዱ ውሃ ዝገት ዝገት የሚል፣ ሰው የማይጠጣው መሆኑን ስንቱን አስቁሜ ላስረዳ?

ግን ፕላስቲክ የተነጠፈበትን የሰፈራችንን የኳስ ሜዳ አይቼዋለሁ። እኩለ ቀን ላይ የተቃጠለ ሰሊፐር ይሸታል። ዛሬ ዘጠነኛው ላይ ካነጠፉ ነገ ስምንተኛው ነው፣ ከዚያ ሁሉም። ያኔ እኔ መጥረጊያ ይዤ ፕላስቲክ ጠራጊ ልሆን ነው። ይህን እጅ ለመጥረጊያ አልሰጥም።

ለነገ፦ ከመጋዘኑ ጀርባ ካለው መደብ ሰርዶ ከነአፈሩ ማንሳት። የተቃጠለውን መፋቅ። አሸዋ። ጠፍጣፋውን አካፋ ማን እንደወሰደው ማጣራት።

ረቡዕ፣ መጋቢት 2

ተከልን። አካፋውን የወሰደው ዘበኛው ነበር፤ በር ማስደገፊያ አድርጎታል።

ማጨጃውን የሚነዳው ሸምሱ አብሮኝ ያረጀ ሰው ነው። እሱ ረመዳን ላይ ነው፣ እኔ ዐቢይ ጾም ላይ። ሁለታችንም ከንፈራችን ደርቆ ሣር ስናጠጣ ዋልን። «አስቱ፣ ለዚህ ያጠጣነው ቢቆጠርልን እኮ ጀነት በገባን ነበር» አለኝ። «አንተ ግባ፣ እኔን ዘጠነኛው ይበቃኛል» አልኩት።

እስከ ረፋድ ድረስ የሚያምር ነበር። ስድስት ሰዓት ላይ ቅጠሉ ሁሉ ተጠቅልሎ መርፌ መሰለ። ሥሩ መሬት ሳይዝ ፀሐይ ከላይ ይመጠዋል፤ ብናጠጣውም ውሃው ይተናል። የሚያስፈልገው ውሃ ሳይሆን ጥላ ነው፣ ለጥቂት ቀን ብቻ። የማዳበሪያ ከረጢት ቀዳደን አለበስነው። ንፋሱ አንዱን ከረጢት ወስዶ ዛፍ ላይ ሰቀለው።

ዮናስን የችግኝ ጣቢያ ጥላ የሚያደርጉበትን መረብ ግዛልኝ አልኩት። ገንዘቡን አልከለከለኝም፤ ሦስት ፕሮፎርማ አምጪ አለኝ። ሦስት ፕሮፎርማ ተሰብስቦ፣ ተፈርሞ፣ ማህተም ተመቶበት እስኪመጣ ፋሲካ ያልፋል። ቢሆንም ዓለም ባንክ የሚባለው ሰፈር ያሉ ሱቆች ድረስ ሄጄ ጠየቅሁ። አንዱ የለኝም አለ፣ አንዱ ሱቁን ዘግቶ ምሳ ሄዷል።

ስመለስ ታክሲው መንገድ ተዘጋግቶበት ቆመ። የሰው ለቅሶ ነው፤ መንገዱ ዳር የእድር ድንኳን ተተክሏል። ሰዉ እዚያ ንዳድ መሀል በጥላው ውስጥ በአግዳሚ ወንበር ተደርድሮ ተቀምጧል። እኔ ነፍስ ይማር እንደማለት ሸራውን አየሁ። ስፋቱን በዓይኔ ለካሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ሐሙስ፣ መጋቢት 3

በጠዋት የእድራችን ሊቀመንበር ጋሽ መኮንን ቤት ሄድኩ። በሩን ከፍተው ሳይጨርሱ «ማን ሞተ?» አሉኝ።

«ማንም። የእድሩን ድንኳን ልዋስ ነው የመጣሁት።»

«ታዲያ ድንኳኑን ለምን ፈለግሽው? በጾም ማን ሊያገባ ነው?»

«ለሣር ነው ጋሼ።»

መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። «ሣሩ የእድሩ አባል ነው?»

«እኔ አባል ነኝ። ሣሩን ከቤተሰቤ ይቁጠሩልኝ።»

ጋሽ መኮንን ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም፤ ዛሬም አልሳቁም፤ ጢማቸው ግን ተንቀሳቀሰ። ድንኳኑን ሰጡኝ፣ ቅድመ ሁኔታውን አስከትለው። ከእድሩ ሰው ከሞተ በዚያው ሰዓት ይነቀላል። «ሟች ሣር አይጠብቅም» አሉ። ተስማማሁ። የባሰም ቢሉኝ እስማማ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ከሸምሱ ጋር ተከልነው። ካስማውን ከግሪኑ ውጪ መታን፣ ጎኖቹን ከፍተን ጣሪያውን ብቻ አስቀረን። ንፋስ ያስገባል፣ ፀሐይ አያስገባም። ጠዋትና ማታ ሸራውን ጠቅልለን ለስለስ ያለችውን ፀሐይ እናሳየዋለን። ሸምሱ ገብቶ ሣሩ ዳር ቁጢጥ አለና «እዚህ ነው ማፍጠር» አለ።

ቅጠሉ ማታ ላይ ተዘርግቷል። ደስ ብሎኝ ገባሁ።

ዓርብ፣ መጋቢት 4

ጉድ ነው ዛሬ የሆነው። እየሳቅኩ ልጻፈው ወይስ እያፈርኩ?

ሁለት ሰዓት ገና አልሞላም። ዘጠነኛው ላይ ጎንበስ ብዬ አሸዋ ስበትን ከአጥሩ በር በኩል እሪታ ሰማሁ። እትዬ ስንዱ ናቸው፣ ጎረቤታችን። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ «ደምሴዬ! ደምሴዬ! ሳልሰናበትህ!» እያሉ ወደ ድንኳኑ ይሮጣሉ። ከኋላቸው አምስት ስድስት ሴት፣ ከዚያ ወንዶቹ ጋቢ ለብሰው፣ አንዱ አግዳሚ ወንበር ተሸክሞ።

ጋሽ ደምሴ ልብስ ሰፊው ከጥር ጀምሮ ታመው ተኝተዋል፤ ቤታቸው ከአጥሩ ማዶ ነው። ሰው ማታ የእድሩን ድንኳን እዚህ አየ። የእሳቸው ግቢ አጠገብ ደግሞ አዲስ ሕንፃ እየተሠራ መተላለፊያ የለም። በቃ፣ ነገሩን ገጣጠሙት፤ «ግቢው ስለጠበበ ጎልፍ ሜዳ አስፈቅደው ተከሉ» ብለው።

ሸምሱ እጁን ዘርግቶ «ማንም አልሞተም! ወላሂ ማንም አልሞተም!» ይላል። ማን ሊሰማው? መርዶ ሲደበቅ እንዲህ እንደሚባል የማያውቅ የለም። አንዷ እንዲያውም «እሱም መንገር አቅቶት ነው፣ አንጀቴን በላው» ብላ የባሰ አለቀሰች። እኔ ደግሞ ሌላ ነገር ማሰብ ተስኖኝ «ሣሩን! ሣሩን አትርገጡት!» እያልኩ እጮኻለሁ። የሞተ ሰው እያለ ለሣር የምትጮህ ሴት አድርገው አዩኝ።

በመጨረሻ የጋሽ ደምሴ ልጅ ትዕግስት እየሮጠች መጣች። «አባቴ ቁርሱን እየበላ ነው! ማነው የገደለው?» አለች። እትዬ ስንዱ እንባቸውን በነጠላቸው ጠረጉና ወደ ጣሪያው ቀና አሉ።

«ታዲያ ድንኳኑ የማነው?»

«የሣሩ ነው» አልኩ።

ከዚያ አንዱ ሳቀ፣ ሁሉም ሳቀ። እትዬ ስንዱ ግን አልሳቁም። «ለሣር ድንኳን! እኛ ስንሞት ደግሞ ዣንጥላ ትዘረጉልን ይሆናል» ብለው ተቆጥተው ሄዱ። ወንበሩን ያመጣው ሰውዬ መልሶ መሸከሙ ከብዶት እዚሁ ትቶት ሄደ።

አንዱ ጥግ ተረጋግጧል። በእጄ እየነካካሁ አስተካከልኩት። ከሰዓት በኋላ ስሠራ ሳቄ እየመጣብኝ ሦስት ጊዜ ቆምኩ።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 5

ይቅርታ ልጠይቅ ጋሽ ደምሴ ቤት ሄድኩ። ብርቱካን ይዤ ገባሁ። አልጋቸው ላይ በትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ ከስተዋል፣ ዓይናቸው ግን ሥራ አልፈታም። ይቅርታዬን አላስጨረሱኝም።

«ተይው እሱን። ቁጭ በይና አንድ በአንድ ንገሪኝ። ስንዱ አለቀሰች?»

«ኧረ ደረታቸውን እየመቱ ነው የመጡት።»

«ስንዱ? ደረቷን?» ከትራሳቸው ቀና አሉ። «ለልጇ ሰርግ የሰፋሁላትን ቀሚስ ወገቡን አጠበብከው ብላ እስካሁን አኩርፋኝ ነበር እኮ። ጎረቤቴ በቀለስ?»

«ጋሽ በቀለ አልመጡም።»

«አውቄዋለሁ!» አሉ፣ ረክተው። «ሟች ሆኜ እንኳ በቀለን አውቀዋለሁ።»

ሁሉንም ጠየቁኝ። ማን ቀደመ፣ ማን ከልቡ ነው፣ ማን ለይሉኝታ ነው። ትዕግስት ሻይ ይዛ ስትገባ አባቷን ጉንጫቸው ቀልቶ ስታገኛቸው እኔን አመሰገነችኝ። በእኔ ቤት ይቅርታ ልጠይቅ ነበር የመጣሁት።

ለካ ድንኳኑን የሰፉት እሳቸው ናቸው! ሸራው ተገዝቶ ሲመጣ ሌላ ልብስ ሰፊ መርፌዬን ይሰብራል ብሎ እምቢ ሲል፣ እሳቸው በአሮጌው የሲንጀር ስፌት መኪናቸው ሰፉት፣ ለእድሩ በነፃ። «የሰፈሩን ሰው ሁሉ ሸኝቼበታለሁ» አሉ። ቀጥለው በዝግታ፣ «መኮንን ሰው ከሞተ ይነቀላል አለሽ አሉ።»

«አዎ ጋሼ።»

«ተረኛው ደግሞ እኔ ነኝ።»

«ኧረ ጋሽ ደምሴ! እንዲህ አይበሉ።»

«ተይ፣ ተይ፤ ሥራ ነው የምናወራው። ሣርሽ መቼ ነው የሚፈለገው?»

«ረቡዕ ነው ኮሚቴው የሚመጣው።»

ጣሪያ ጣሪያውን አዩ። ልክ ደንበኛ ፊታቸው ቆሞ ቀጠሮ እንደሚጠይቃቸው። «ረቡዕ...» አሉ። «ይደርሳል።»

ልብስ ሰፊ «ይደርሳል» ሲል ምን ማለት እንደሆነ አገር ያውቃል። ለገና የሰጠሁትን ቀሚስ ለጥምቀትም አላደረሱልኝም፤ ለፋሲካ ነው የለበስኩት። ሳቅኩ። ደጅ ስወጣ ግን ሳቄ ጠፋ።

ማታ አንዱን ሰርዶ በሁለት ጣቴ ሳብ አደረግሁት። ያለምንም ትግል ተነቅሎ መጣ። ገና ነው። ሥር ሲይዝ እምቢ ማለት አለበት።

እሑድ፣ መጋቢት 6

ዛሬ የደብረ ዘይት በዓል ነው። ቀራንዮ መድኃኔዓለም አስቀድሼ መጣሁ። ጾሙ ተጋመሰ።

ስጸልይ ራሴን ያዝኩት። የእድሩን ሕመምተኞች ስም እየጠራሁ ነው፦ ጋሽ ደምሴ፣ የእትዬ አሰለፈች ስኳር፣ የጋራዡ ሰውዬ እናት፣ የታክሲ ተራ አስከባሪው ደም ግፊት። እስከ ረቡዕ ጠብቅልኝ እላለሁ። መድኃኔዓለም እንዲህ ያለ ቀነ ገደብ ያለበት ጸሎት ሰምቶ ያውቅ ይሆን?

ከቤተክርስቲያን ስወጣ እትዬ አሰለፈችን ደግፌ ደረጃውን አወረድኳቸው። «ምነው ዛሬ እንዲህ አሰብሽልኝ?» አሉኝ፣ እየመረቁኝ። የረቡዑን ነገር አላነሳሁባቸውም። ምርቃቱን ግን ተቀበልኩ።

አመሻሽ ላይ ሜዳው ሄጄ ሸራውን ጠቀለልኩ፣ አጠጣሁ፣ ተመለስኩ። ሣሩ አልሞተም፣ አልበረታምም።

ሰኞ፣ መጋቢት 7

ንፋስ። አቧራው ከኮልፌ በኩል ግድግዳ ሆኖ መጣ። ደመና ያመጣል ብለን አንጋጠን ነበር፤ አቧራ ብቻ። ረፋዱ ላይ ሸራው አንዱን ስፌት ተከትሎ ተተረተረ፤ ፀሐዩ ቀጥታ አዲሱ ሣር ላይ።

ሸምሱ የቀረውን ክፍል በገመድ ያዘልኝ፣ እኔ የተቀደደውን የጣሪያ ግማሽ ፈትቼ ተሸክሜ ሮጥኩ። ወዴት እንደምሮጥ አስቤ እንኳ አልነበረም፤ እግሬ ጋሽ ደምሴ በር ላይ አቆመኝ።

ትዕግስት «ታሟል እኮ፣ እንዴት አድርጎ?» አለች። ከውስጥ «አስገቢያት!» የሚል ድምፅ መጣ። ስፌቱን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱና ተናደዱ። «ይሄ የእኔ አይደለም። አንድ ሰው ነክቶታል። እኔ እንዲህ አልሰፋም።» ወፍራሙን መርፌና ሲባጎ አዘዙ። አልጋቸው ላይ ሸራውን በጉልበታቸው ዘርግተው በእጃቸው ሰፉ። ስፌቱን አንድ በአንድ በጥፍራቸው እየተጫኑ ያጠብቃሉ። ጫፉን ይዤ ቆምኩ።

ሲጨርሱ ክሩን በጥርሳቸው በጠሱ። ጥርስ ቀርቷቸዋል ለካ።

ጥሩ ዜና፦ ማታ ሦስት ቦታ ሳብኩ። ሁለቱ መጡ፣ አንዱ እምቢ አለኝ። ሸምሱን ጠርቼ አሳየሁት። እሱም ሳበው። እሱንም እምቢ አለው።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 8

ጠዋት ትዕግስት ደወለች። ስልኩ ላይ ስሟን ሳይ መጀመሪያ ያሰብኩት ድንኳኑን ነው። እንዲህ ነኝ። ጽፌዋለሁ፣ ከራሴ ምን ልደብቅ።

ሌሊት ትንፋሽ አጥሯቸው ጤና ጣቢያ ወስዳቸው፣ ኦክስጅን ተሰጥቷቸው ተመልሰዋል። ምሳ ሰዓት ላይ ሮጬ አየኋቸው። ተኝተዋል። ደረታቸው ከፍ ዝቅ ሲል ቆሜ አየሁ። የትናንቱ መርፌ ክር እንደዞረበት ትራሳቸው አጠገብ ነው። ያን ጊዜ ድንኳኑን አላሰብኩትም። ቢያሻው ሣሩ ይሙት፣ እኚህ ሰውዬ ብቻ ይንቁ አልኩ። ከልቤ ነበር፤ ራሴም ገረመኝ።

ጋሽ መኮንን ደወሉልኝ። «ለማንኛውም ገመዱን አላልተሽ አዘጋጂ» አሉኝ። እሳቸውም ድምፃቸው ልክ አልነበረም፤ ጓደኛቸው ናቸው።

ገመዱን አላላሁ። ሸምሱ አየኝና መልሶ አጠበቀው።

ከአራት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ጥላ። በየመሀሉ ጥቂት ጥቂት ውሃ። ሌላ የማደርገው የለም። ነገ ነው።

ረቡዕ፣ መጋቢት 9

ጡሩምባ ይነፋ እንደሆነ ብዬ ገና ሳይነጋ ነቅቼ ጆሮዬን ተክዬ ተኛሁ። የእድራችን ጡሩምባ ነፊ ሰው ከሞተ ጎህ ሲቀድ ነው ሰፈሩን የሚዞረው። ዶሮ ጮኸ፣ አዛን ተባለ፣ የመጀመሪያው ታክሲ አለፈ። ጡሩምባ የለም።

ኮሚቴው አራት ሰዓት ተኩል መጣ፣ አራት ሰዎች። ዮናስ ከእኔ በላይ ፈርቷል። ወደ ዘጠነኛው ስንወርድ ድንኳኑ ውስጥ ሰው አየሁ። ባለፈው ዓርብ ያ ሰውዬ የተወው አግዳሚ ወንበር ላይ ጋሽ ደምሴ ተቀምጠዋል! ጋቢ ተከናንበው፣ ጫማቸውን አውልቀው፣ እግራቸው ሣሩ ጠርዝ ላይ። ትዕግስት በባጃጅ አምጥታቸው ነው። «ሲነቃ ረቡዕ ነው ወይ አለኝ፣ ነው ስለው ጫማዬን አምጪ አለ። ምን ላድርግ?» አለችኝ በሹክሹክታ።

የኮሚቴው ሰብሳቢ ቆም ብለው «ይቅርታ፣ ለቅሶ ነው?» አሉ።

«ገና ነው» አሏቸው ጋሽ ደምሴ።

እንዴት እንዳልሳቅኩ አላውቅም። የድንኳኑን ነገር አጭር አድርጌ አስረዳሁ። ሥር መያዙን እንዴት እንደምናውቅም ነገርኳቸው። ሰብሳቢዋ ቦርሳቸውን ለዮናስ አስያዙና ጎንበስ ብለው ራሳቸው ሳቡ። እምቢ አለ። ሌላ ቦታ ሳቡ፣ መሀሉን። እምቢ አለ። የተረጋገጠው ጥግ ላይ አንዱ መጣላቸው፤ ቀና ብለው አዩኝ። «እዚያ ለቅሶ ደራሽ ነው የቆመበት» አልኩ።

ዘወር ብለው ተነጋገሩ። ውሳኔው፦ የፕላስቲኩ ጉዳይ ይቆይ፣ ክረምቱ ያልፍና በመስከረም እንደገና ይታያል። ተረፈ ማለት አይደለም። ቀጠሮ ማለት ነው። እኔ ግን እስከ መስከረም ምን ያህል ዝናብ እንደሚዘንብ አውቃለሁ። ዮናስ እጄን ጨብጦ አለቅ አለኝ።

ሲሄዱ ጋሽ ደምሴ ፊት ሄጄ ቆምኩ። «ደረሰ አይደል?» አሉኝ።

«ደረሰ ጋሼ። በሕይወትዎ ለመጀመሪያ ጊዜ በቀጠሮዎ።»

ሳቁ፣ ሳሉ፣ ሳቁ። ሣሩ ከዛሬ በኋላ ጥላ አያስፈልገውም፤ ድንኳኑንም ዛሬውኑ እመልሳለሁ ብዬ ለጋሽ መኮንን ቃል ገብቻለሁ። ሸምሱ አንዱን ገመድ ያዘ፣ እኔ ሌላውን። ጋሽ ደምሴ ከጋቢያቸው ውስጥ እጃቸውን አወጡ።

«ቆዪ አስቴር። ትንሽ ልቀመጥበት። በሚቀጥለው ስትተክሉት እኔ አላየውም።»

ገመዱን ለቀቅኩ። አጠገባቸው ተቀመጥኩ፣ ጫማዬን አወለቅኩ። ሸምሱም መጣ። ስፌታቸውን አንድ በአንድ ከጣሪያው ላይ አሳዩን፤ የትኛውን በየትኛው ዓመት እንደጠገኑት፣ የትኛው የእሳቸው እንዳልሆነ። ከአጥሩ ማዶ እትዬ ስንዱ አይተውን፣ ነጠላቸውን እያስተካከሉ መጥተው ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

ድንኳኑን የነቀልነው ጀምበር ስታዘቀዝቅ ነው። ሣሩ ዛሬ የማታ ፀሐዩን አላገኘም። ነገ ያገኛል።